የጠፋው ፊልምና የተረፈው ወረቀት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ ላይ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ቡና ወይም ስለ መንገድ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገራለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ፥ እኛ የምንናገረው ከመካከላችን ማንም አይቶት ስለማያውቀው፥ ወደፊትም ምናልባት ሊያየው ስለማይችል ነገር ነው። ይኸውም ከቴአትር መድረክ ተወስዶ ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ ከተነሣ በኋላ የጠፋ ሥራ ነው። ንግግራችን ከሩቅ አገር ቢነሣም መድረሻው እዚሁ ማጂ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ሲኒማ በፓሪስ ከተማ ሉሚየር በተባሉት ወንድማማቾች አማካይነት በገንዘብ ለሚገባ ሕዝብ የታየው በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት አባቶቻችን በዓድዋ ድል የነሡበት ዓመት ስለሆነ ለማስታወስ አያስቸግርም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ፊልም ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ አይናገርም ነበር። በሥዕሎቹ መካከል አጭር ጽሑፍ እየገባ የሰዎቹን ንግግር ያስረዳል፤ በአዳራሹ ውስጥም ፒያኖ ወይም ሌላ ሙዚቃ ይመታል። በጃፓን አገር ደግሞ ቤንሺ የሚባል ሰው ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ለተመልካቹ ይተርክ ነበር። ይህን ስንሰማ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤውን እያነበበ የሚያስረዳውን የሰፈር ተማሪ ያስታውሰናል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ፊልም ሠሪዎች ታሪክ ሲያጥራቸው ወደ ቴአትር ቤት ይሄዱ ነበር። ሕዝቡ ቴአትሩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ሥዕሉ ባይናገርም ይገባዋል። ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ታላቅ ችግር አለ። የቴአትር ነፍሱ ቃል ነው፤ ቃሉን ወስዶ አካሉን ብቻ ማሳየት ማለት ዘፈንን ያለ ዜማ እንደ መስማት ያለ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የሼክስፒር ማክቤዝ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. ሼክስፒር ከሞተ 300 ዓመት በሞላበት ጊዜ፥ ትራያንግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሎንዶን መድረክ ስሙ የገነነውን ሰር ኸርበርት ቢርቦም ትሪን በብዙ ገንዘብ ቀጥሮ ማክቤዝን በፊልም አነሣ። ፊልሙን ያዘጋጀው ጆን ኤመርሰን ሲሆን፥ የማክቤዝን ሚስት ሆና የተጫወተችው ኮንስታንስ ኮሊየር ነበረች። ይህ ፊልም በኒው ዮርክ የታየው በአገራችን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከመውረዳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ሥልጣንን በደም ስለያዘና በደም ስላጣ ሰው የሚናገር ታሪክ ነውና ለማንኛውም አገር እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ፊልም አሠራር የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። ሰር ኸርበርት በመድረክ የለመደ ሰው ስለሆነ፥ ፊልሙ ድምፅ እንደማይቀበል እየተነገረው የሼክስፒርን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙሉ ድምፁ ይናገር ነበር ይባላል። ፊልም ሠሪዎቹም ጥቅሉ በከንቱ እንዳያልቅ ውስጡ ባዶ የሆነ ካሜራ ፊት ለፊቱ አቁመው ረጅሙን ንግግር ለዚያ ካሜራ እንዲናገር ያደርጉት ነበር ይባላል። ቀልዱ ያስቃል፤ ቈይቶ ግን ያሳዝናል። ድምፁን የሰማው ሜዳው ብቻ ነበር፤ ሥዕሉም ቢሆን አልተረፈም። ሰር ኸርበርት በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ፊልሙም በገበያ ሳይሳካለት ቀርቶ በኋላ ጠፋ። ዛሬ አንድም ሙሉ ቅጂ አይገኝም። ከዚህ ታላቅ ተጫዋች የሼክስፒር ፊልሞች መካከል ለእኛ የቀረው፥ በ1899 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተነሣው ንጉሥ ጆን ከተባለው አጭር ፊልም ንጉሡ ሲሞት የሚያሳየው አንድ ቁራጭ ነው። የቀረው የንጉሡ ሞት ብቻ መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያሳዝነዋል።

ፊልም እንዴት ይጠፋል? ወረቀት ይቀደዳል፥ ብል ይበላዋል፤ ፊልም ግን ብረት በተሠራ ማሽን የሚሠራ የሠለጠነ ነገር አይደለምን? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱን ባጭሩ እናስረዳለን።

የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ጥጥን በናይትሪክ አሲድ በማዘጋጀት ከሚገኝ ናይትሬት ከሚባል ነገር ነው። ናይትሬት ለቃጠሎ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በውስጡ ስለያዘ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ውኃ ውስጥ እንኳ ቢከቱት መንደዱን አያቆምም። ባይቃጠልም በሙቀትና በእርጥበት እየበሰበሰ መጀመሪያ ይጣበቃል፥ በመጨረሻም ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሥዕሉ በብር የተሠራ በመሆኑ ነው፤ ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ባለቤቶቹ ብሩን ለማውጣት ሲሉ ብዙውን አጥፍተውታል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለናል፤ እርሱም ንቀት ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ዘ ጃዝ ሲንገር የተባለው ፊልም፥ እርሱም ራሱ ከቴአትር የተወሰደ፥ ድምፅ አሰምቶ ሕዝቡን ካስደነቀ በኋላ፥ የማይናገረው ፊልም ሁሉ እንደ አሮጌ ልብስ ተቈጠረ። ማስቀመጫው ገንዘብ ይፈጃል እየተባለ ተጣለ።

የጥፋቱ መጠን በቍጥር ታውቋል። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መሠረት፥ ከ1912 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሠሩት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያው መልካቸው በሙሉ የተገኙት 1,575 ብቻ ናቸው። ይህም ከመቶ 14 ነው። ከመቶ 70 የሚሆኑት ፈጽሞ ጠፍተዋል። ይህን ያህል ገንዘብና ቤተ መጻሕፍት ባለው አገር እንዲህ ከሆነ፥ በሌሎች አገሮች የጠፋውን መገመት አያዳግትም።

ከጠፉት መካከል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቈጨን አንድ ፊልም አለ። በ1921 እ.ኤ.አ. ፎክስ የተባለው ኩባንያ ንግሥተ ሳባ የሚል ታላቅ ፊልም ሠርቶ ነበር። ንግሥቲቱን ሆና የተጫወተችው ቤቲ ብላይዝ፥ ንጉሥ ሰሎሞንን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ በሼክስፒር ቴአትር የታወቀው ፍሪትዝ ላይበር ነበር። በክብረ ነገሥት የምናውቃትን ንግሥት ባዕዳን እንዴት አድርገው እንደ ሣሏት አይተን ለመፍረድ፥ መልካሙን ለማመስገን፥ ስሕተቱን ለመንቀፍ አልታደልንም። ሐምሌ 2 ቀን 1929 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የሚገኘው የፎክስ ፊልም ማስቀመጫ በክረምቱ ሙቀት ምክንያት ተቀጣጥሎ ከ40,000 በላይ ጥቅል ፊልም አመድ ሆነ። የዚያ አገር ክረምት የእኛ በጋ እንደሚሞቀው የሚሞቅ ነውና። በእሳቱ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ከንግሥተ ሳባ ፊልም እስካሁን የተገኘው በሴኮንድ የሚቈጠር ቁራጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ሰየመው ሁላችንም ሰምተናል። በገዛ ቋንቋችን የተሠራ ረጅም ፊልም ለማየት ግን እስከ 1957 ዓ.ም. መቈየት ነበረብን፤ እርሱም ሂሩት አባቷ ማነው የሚለው ነው። ስለዚህ በዝምታው ፊልም ዘመን ከአማርኛ ቴአትር የተወሰደ ፊልም አልነበረንም። ነገር ግን ሊጠፋ የተቃረበ ቴአትር ነበረን፤ ታሪኩም ከማክቤዝ ፊልም ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ አገር ተምረው የመጡ፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት አገራችንን ወክለው የተከራከሩ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ የሚባለውን፥ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቴአትር ደርሰው በአዲስ አበባ አሳዩ። የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረት መነሻ አድርገው፥ አውሬዎችን እያናገሩ የጉቦኛ ሹማምንትን ሥራና የአስተዳደሩን ብልሹነት ነቀፉ። ነገሩ ለማን እንደ ተነገረ ሰሚው አላጣውም። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትር እንዳይታይ ከለከሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ እስኪጭኑ ድረስም የመድረክ ጨዋታ ተቋርጦ ቈየ።

በማክቤዝ ፊልም ላይ የደረሰው ቸልታ ነው፤ በፋቡላ ላይ የደረሰው ግን ክልከላ ነው። ሆኖም ፊልሙ ጠፋ፤ ፋቡላ ግን ጽሑፉ ስለተረፈ ዛሬም ይነበባል፥ ተማሪም ይመረምረዋል። ወረቀት ደካማ ነው እንላለን፤ ቢሆንም የሚያነብበውና የሚደብቀው ሰው ካገኘ ከብረት ጥቅል የበለጠ ዕድሜ አለው።

ይህ ለሼክስፒርም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሼክስፒር በሕይወቱ ሳለ ማክቤዝን አላሳተመውም። ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ በ1623 እ.ኤ.አ. ሄሚንጅና ኮንዴል የተባሉ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ በየቦታው የተበተነውን ጽሑፍ ሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙት። በዚያ መጽሐፍ ብቻ የተረፉት ቴአትሮች 18 ናቸው፤ ማክቤዝም ከነርሱ አንዱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ሰር ኸርበርት የሚጫወተው ማክቤዝ፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ የሚመልሰው ማክቤዝ ባልኖረ ነበር። ሁለቱም የመድረክ ተጫዋቾች ናቸው እንጂ ነገሥታት ወይም ባለጠጎች አልነበሩም።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ የጠፋ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። የሚገኝበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ከተማ አይደለም። በሰሜን ካናዳ ዶውሰን የምትባል የወርቅ ቈፋሪዎች ከተማ አለች። ፊልም እዚያ የሚደርሰው በሌላው አገር ከታየ ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወስድ መንገድ ስለሌለና ባለቤቶቹም የመመለሻውን ወጪ ስለማይከፍሉ ጥቅሉ እዚያው እየተከማቸ ቀረ። በ1929 እ.ኤ.አ. ቦታ ስለጠበበ የዋና ገንዳ መሙያ አድርገው ቀበሩት። በ1978 እ.ኤ.አ. ለሥራ መሬት ሲቈፈር ከበረዶው ሥር 533 ጥቅል ፊልም ወጣ። በወንጌል መክሊቱን በመሬት የቀበረው ባሪያ እንደ ተወቀሰ እናውቃለን፤ የዶውሰን ሰዎች ግን ሳያውቁት በመቅበራቸው አዳኑ።

በኒው ዚላንድም እንዲሁ ሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ከዚያ አገር 75 የአሜሪካ ፊልሞች መገኘታቸው ተነገረ፤ ከነርሱም አንዱ ጆን ፎርድ በ1927 እ.ኤ.አ. የሠራው፥ ሐምሌትን ሊጫወት ወደ ሎንዶን ስለሄደ ተዋናይ የሚተርክ አፕስትሪም የተባለ ፊልም ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሼክስፒር ሪቻርድ ሦስተኛም ጠፍቷል ከተባለ በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. በአንድ ግለሰብ ቤት ተገኝቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ መንገድ የሚያልቅባቸው አገሮች ዋናው ከተማ የጣለውን እንደሚጠብቁ ነው። ማጂም መንገድ የሚያልቅባት አገር ናት። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ የመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ኦሞ ቈላ ይመለከታል እንጂ የሚሄድበት ብዙ አያገኝም። ይህን እንደ ጉድለት ስንሰማ አድገናል። ዛሬ ግን እንደ አደራ ልንቈጥረው እንወዳለን።

ከዚህ አገር የወጣ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅም ምስክር አለን። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዌሊ ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ላከ። ዘሩ በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አልፎ በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ፥ ከዚያም ፓናማ ደረሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለም ስሙን አወቀ። ዘሩ በብዙ ቦታ ስለተተከለ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይበቅላል። ከዌሊ በፊት እዚሁ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንም ስለዚህ አገር መጽሐፍ ጽፏል። ስለዚህ የዚያን ጊዜዋን ማጂ ለማወቅ የፈለገ ሰው የእንግዳውን ቃል በመጽሐፍ ያገኛል፤ የዲዚው፥ የሱሪው፥ የሜኢኒቱና የቤንቹ አባት ቃል ግን አብዛኛው ሳይጻፍ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል። ይህ መቃብር እንደ ዶውሰን በረዶ የሚጠብቅ አይደለም።

ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ስንል በትምህርት ቤታችን ከኛ በፊት የታዩትን ቴአትሮች ጽሑፍ ፈልገን ነበር። ርእሳቸውን የሚያስታውስ ሰው አገኘን፤ ድርሰቱን ያስቀመጠ ግን አላገኘንም። ዛሬ ቡና ነጋዴ የሆኑ አንድ የቀድሞ ተማሪ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ዳኛ ሆነው የተጫወቱትን በቃላቸው ተናገሩልን። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሳሹን ጠየቁት፤ ከዚያም ዝም አሉ። ምነው ጋሼ፥ ይቀጥሉ እንጂ ብንላቸው፥ «አሁን የሚናገረው ከሳሹ ነው፤ የሱን ቃል እኔ አላጠናሁም» አሉን። ከሳሹን ሆኖ የተጫወተው ጓደኛቸው በሕይወት የለም። ጥያቄው ተርፏል፤ መልሱ ጠፍቷል። ከማክቤዝ ፊልም መጥፋት ይልቅ ይህ ዝምታ ልባችንን ነካው።

የተማሪ ቴአትር ምን ቁም ነገር አለው? የሚል ይኖር ይሆናል። የአማርኛ ቴአትር ከክልከላው በኋላ ያደገው በተማሪ ቤት መሆኑን እናስታውሳለን፤ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና እነ መልአኩ በጎሰው ድርሰታቸውን ያስጠኑት ለተማሪዎች ነበር። ደግሞም የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የሚለየው የሚመጣው ትውልድ ነው፤ እርሱ ይፈርድ ዘንድ ግን የሚፈርድበትን ነገር ልናቈይለት ይገባል። ሌላው፥ ዛሬ ሁሉ በስልክ ይቀረጻል፥ አይጠፋም ይል ይሆናል። ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃል፥ በአዲስ ይለወጣል፤ ዛሬ የሚከፍተው መሣሪያ ነገ ላይኖር ይችላል። የናይትሬት ፊልም ባለቤቶችም በዘመናቸው በመሣሪያቸው ይመኩ ነበር።

ስለዚህ እኛ የዘንድሮ ተሰናባቾች ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ በትምህርት ቤታችን የሚታይ ቴአትር ሁሉ ከመታየቱ በፊት የሁሉም ተጫዋች ቃል በአንድ ደብተር ተሟልቶ ይጻፍ፤ ደራሲው፥ ተጫዋቾቹና ዓመቱም ይመዝገብ።

ሁለተኛ፥ ደብተሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፥ ሁለተኛው ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፥ ሦስተኛው ወደ አዲስ አበባ ወመዘክር ይላክ። እንደ ጌሻ ቡና በአንድ ቦታ ብቻ አይተከል።

ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት አንድ ተረት፥ አንድ የዳኝነት ታሪክ ወይም አንድ የአገር ወግ ተናጋሪው በነገረበት ቋንቋ ጽፎ ያምጣ። ከዚያ ውስጥ የነገው ደራሲ ቴአትሩን ያወጣል።

ይህን ሥራ ለሌላ አንተውም። እኛ ራሳችን በዘንድሮው ዓመት ያሳየነውን ቴአትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፥ የከሳሹንም የተከሳሹንም ቃል ሳናስቀር፥ በሦስት ደብተር ገልብጠን ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። ጽሑፉ የሼክስፒር አይደለም፤ ሆሄውም ሁሉ የተስተካከለ አይሆንም። ነገር ግን ከ50 ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ መጥቶ ዳኛው ምን ጠየቀ ብሎ ቢፈልግ፥ ከሳሹ ምን እንደ መለሰ ጭምር ያገኛል።